ምን ልትሠራ ወረድህ?

እኅቴ አሜሪካ ከገባች ወዲህ አንድ አመል አውጥታለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በኢሞ ትደውልልኛለች፤ ፊቷን ግን አታሳየኝም። የምታሳየኝ ዛፍ ነው። «ይኸውልህ፣ ዛሬ ያገኘሁት ፓርክ!» ትልና ስልኩን ወዲያ ታዞራለች፤ ጅረት ይታያል። ወዲህ ታዞራለች፤ የእንጨት ጠረጴዛ ከነመቀመጫው። ጥቂት ትራመድና ደግሞ በአንድ እግሩ የቆመ የብረት መጥበሻ ታሳየኛለች። እሷ ዘንድ ቀትር ሲሆን እኛ ዘንድ መሽቷል፤ መብራትም ብዙ ጊዜ የለም። በጨለማ ቁጭ ብዬ የሰው አገር ፀሐይ አያለሁ።

የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሐበሻ ከመብዛቱ የተነሣ እንጀራ ፍለጋ ማንም የማይደክምበት የሜሪላንድ ከተማ። ትልልቁን ፓርክ ሁሉም ያውቀዋል ትላለች፤ እሷ የምታድነው ትንንሾቹን ነው፣ ጅረት ያላቸውን፣ ስንቅ ፈትቶ የሚበላባቸውን። ስላይጎ ክሪክ የሚባል አለ። ውኃው ቀጭን ነው፤ ፓርኩም እንደ መቀነት ቀጥኖ ውኃውን ተከትሎ ይሄዳል። «ክሪክ» ጅረት ማለት መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት። በዚሁ ዕውቀቴ ተደፋፍሬ ዋሽንግተን ያለውን ሮክ ክሪክ «አለት ጅረት» ብዬ ተረጎምሁላት። እሱስ ትንሽ አይደለም፤ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1890 እ.ኤ.አ. በሕግ የከለለው ሰፊ ደን ነው።

አንድ እሑድ ታዲያ፣ «እስቲ አንተም የኛን አሳየኝ» አለችኝ።

«የኛን ምን?»

«ፓርክ ነዋ! ሉማሜ ዙሪያዋ ወንዝ አይደለም እንዴ?»

ሉማሜን ለማያውቅ ልንገር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ደጀን ላይ ነፍስ የዘራ መንገደኛ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገሠግሥ በመስኮት የሚያያት የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በመስኮት ነው። ውኃ ግን አልተነፈግንም። በሰሜን በኩል ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ተገትሮ ደመናውን ሁሉ ይሰበስባል፤ የሰበሰበውን በየሸለቆው ይለቀዋል፤ ሸለቆውም ለዓባይ ያስረክባል። በመካከሉ እኛ አለን። ስለዚህ «የኛን አሳየኝ» ስትለኝ፣ የሚታይ ነገር አይጠፋም ብዬ ተቀበልሁ።

ቅዳሜ ጧት ስልኬን ኪሴ ከትቼ በእጄ ምንም ሳልይዝ ወጣሁ። ስሕተቴ ይህች «ምንም» ነበረች።

ቁልቁለቱ ላይ መጀመሪያ ያገኘኋቸው ውኃ የተጫነች አህያ የሚነዱ እናት ናቸው። ሰላምታው በወጉ ተካሄደ፤ አዳሬ ተጠየቀ፣ ልጆቼ ተጠየቁ፣ ከብት ባይኖረኝም ከብቴ ተጠየቀ። ሁሉም ደኅና መሆኑ ከታወቀ በኋላ አህያዋን አስቁመው፣

«ምን ጠፋህ ልጄ?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም አልጠፋኝም፣ እናቴ።»

«ላም ናት?»

«አይደለችም።»

«አህያ ነዋ?»

«እንዲሁ ነው የወረድሁት።»

«እንዲሁ?» «እንዲሁ»ን እንደ ግራዋ ቅጠል አላመጧት። ልፈርድባቸው አልችልም። እኛ ዘንድ ወደ ወንዝ የሚወርድ ሰው ወይ ሊቀዳ ነው፣ ወይ ሊያጠጣ፣ ወይ ሊያጥብ፣ ወይ ሊሻገር። ከአራቱ ካልሆነ አንድ ነገር ጠፍቶበታል። ከብት ካልጠፋው ደግሞ የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም በአዘኔታ አተኩረው ሲያዩኝ ገባኝ። «እመቤቴ ታግኝልህ» ብለውኝ አህያዋን ነዱ።

ትንሽ ወረድ ስል ባሕር ዛፋቸውን የሚቃኙ ሽማግሌ አገኘሁ። የወረዳ ሠራተኛ መሆኔን ያውቃሉ። ከሰላምታ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልትለኩት ነው?» አሉኝ።

«ምኑን፣ አባባ?»

«መሬቱን ነዋ።»

ማልሁላቸው። ሜትር እንደሌለኝ ኪሴን ገልብጬ አሳየሁ። ስልኬን ሲያዩ ይባሱን ፈሩ፤ አሁን በስልክ ነው አሉ የሚለካው። ከዚያ እስክርቅ ድረስ ዛፎቻቸው መካከል ቆመው በዓይናቸው ሸኙኝ። (ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ የኛን ምንጭ መጠጣቱን በሌላ ቀን እንጫወትበታለን፤ በዚያን ቀን ግን ለወንዙ ያሰብሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።)

ወንዙ ዳር ደረስሁ። ስሙን አልጠራውም፤ ጎብኚ እንዳይበዛበት ፈርቼ ሳይሆን፣ ስሙ ከውኃው ስለሚበልጥ ነው። ጥሩ ድንጋይ መርጬ ተቀመጥሁና እኅቴ እንደምትለው «መዝናናት» ጀመርሁ። መዝናናቴ አምስት ደቂቃ ያህል ቆየ። ሦስት እረኞች ከብቶቻቸውን ጥለው መጥተው ከጎኔ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ምን እያዩ ነው?»

«ውኃውን።»

እነሱም አዩት። «ምን ገባበት?»

«ምንም አልገባበትም።»

ተያዩ። ትልቁ፣ «ስልክ ነው የጣሉት?» አለ።

«ስልኬ ይኸው።»

«እንግዲያ ሌላ ስልክ ነው» ብሎ ፈረደና ሱሪውን ወደ ላይ ጠቅልሎ ገባ። ሁለቱ ተከተሉት። ከፍ ብለው ዝቅ ብለው፣ ድንጋይ እያገላበጡ፣ ያልጠፋ ስልክ ሲፈልጉልኝ ረፈደ። ውጡ ብል «አይዞዎት፣ ይገኛል!» ይሉኛል። በመጨረሻ አንድ የዝናብ ጫማና ሁለት እንቁራሪት ይዘው ወጡ። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ባዶውን አይሰናበትምና ለእያንዳንዳቸው የብስኩት ሰጥቼ ተመለስሁ።

ማታ ራት ስንበላ ሁለት ጎረቤቶች መጡ። ቡና ቢፈላላቸውም ቶሎ ወደ ጉዳያቸው አልገቡም። ስለ ጤፍ ዋጋ ተወራ፣ ስለ ቧንቧ ተወራ። ኋላ አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ በትዳር መካከል ግጭት ያለ መሆኑን፣ ታላላቆችም በዚህ ማለፋቸውን አስረዱን። ባለቤቴ እኔን አየች፤ እኔ ጀበናውን አየሁ። ለካ እኔ ወንዝ ዳር ብቻዬን ተክዤ መታየቴ ከእኔ ቀድሞ ከተማ ገብቷል። ሁለተኛው ሽማግሌ ግን ነገሩን ከትዳር አላያያዙትም፤ በቀትር ወንዝ ዳር የተቀመጠ ሰው ክፉ መንፈስ እንደሚለክፈው አውስተው ሰባት ቀን ጠበል አዘዙልኝ።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ስነግራት ሳቀችና እሷም የራሷን ነገረችኝ። ሮክ ክሪክ ውኃ ውስጥ መግባት ክልክል ነው አለችኝ፤ ውኃው ንጹሕ አይደለምና መዋኘት ቀርቶ እግርን መንከርም አይፈቀድም። እንግዲህ አስቡት። እዚያ ዳሩ ላይ መቀመጥ ይቻላል፣ መግባት ያስቀጣል። እዚህ መግባት ይቻላል፤ ሽማግሌ የሚያስልከው መቀመጡ ነው።

ነገሩን ሳብሰለስለው ግን በወንዝ ዳር መዝናናት ለእኛ ባዕድ ሆኖ አላገኘሁትም። አዲስ አበባ ራሷ የሽርሽር ልጅ አይደለችም እንዴ? በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውኃ ሲታጠቡ አገሩን ወደዱት፣ ቤት ይሠራልኝ አሉ፣ ከተማ ሆነ። ገላ ሊታጠቡ የወረዱ ሁሉ ከተማ ቢያቆሙ ኖሮ ጎጃም ውስጥ የሚታረስ መሬት አይተርፍም ነበር። ቅርብ ጊዜም ቢሆን፣ በ2011 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት «ገበታ ለሸገር» ተብሎ አንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የከፈለበት እራት ተበልቷል። ወንዝ ዳር በልቶ ከመክፈልና ከፍሎ በልቶ ወንዝ ዳር ከመሥራት የቱ እንደሚቀድም እኔ አላውቅም፤ እንጦጦ ፓርክን ግን በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ያምራል። እዚያ ማንም «ምን ጠፋህ?» አላለኝም።

የኛዎቹም ቢሆኑ ይዝናናሉ፤ ስሙን ግን አይጠሩትም። የልብስ አጠባን ቀን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ሴቶቹ በጧት ኬሻ ሙሉ ልብስ ተሸክመው ይወርዳሉ። ፊት በእንዶድ ነበር፣ ዛሬ በኦሞ ነው። እስከ ረፋድ ያጥባሉ፤ ከዚያ ልብሱን ቁጥቋጦው ላይ ያሰጡታል። ልብስ እስኪደርቅ ምን ይሠራል? ገላ ይታጠባል፣ ጸጉር ይሠራል፣ ቆሎ ይወጣል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ የመንደሩ ነገር ሁሉ ከነገመዱ ተፈትቶ ይሰጣል። ሳቃቸው ከላይ መንገድ ድረስ ይሰማል። ማታ ቤት ሲገቡ ግን ወገባቸውን ይዘው «ኤድያ፣ ልብስ ሲያጥቡ መዋል!» ይላሉ። እኔ ይህን እኅቴ ከምታሳየኝ ፓርክ ሁሉ አስበልጣለሁ፤ ብቻ ልቀላቀላቸው አልችልም።

ልጃገረዶቹም ዘመን ሲለወጥ እንግጫ ነቀላ ብለው መስኩን ያዳርሱታል። ሣር ለመንቀል ያን ያህል ዘፈን፣ ያን ያህል ጭፈራ ያስፈልጋል? አያስፈልግም፤ እንግጫውም ያንን ያውቃል። ጳጉሜን 3 ቀን ሩፋኤል ሲሆን ልጅ አዋቂው በዝናብ ይታጠባል፤ ጠበል ነው። በጥምቀት ከተማው በሙሉ ውኃ ዳር ያድራል፤ ታቦት አጅቦ ነው። ማኅበርተኛው በቤተ ክርስቲያኑ ወይራና ጽድ ሥር ተቀምጦ ጠላውን ይጎነጫል፤ ዝክር ነው። ሁሉም ሽፋን አለው። ያለ ሽፋን የወረድሁ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ሁለተኛውን ጉዞ በዕቅድ አደረግሁት። ዓመት ፈቃዴን ወሰድሁ፤ ብቻዬን እንዳልታይ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆች ያዝሁ። ቀን መምረጡ ራሱ ባሕረ ሐሳብ ጠየቀ። ቅዳሜና እሑድ መንደርተኛው ሥራ ፈት ስለሆነ ሁሉም ያየናል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ኅዳር 12 ሚካኤል ነው፤ 15 የነቢያት ጾም ይገባል። በመካከል ያለችው ማክሰኞ ኅዳር 13 ተመረጠች። ባለቤቴ ከእናቷ የወረሰችውን አገልግል አወጣች። እኅቴ ስንቅ የምትይዝበትን የፕላስቲክ ሣጥን አሳይታኝ ታውቃለች፤ አገልግል ግን ቆዳ ለብሶ፣ በጠፍር ታስሮ፣ ወጡን እንደ ትኩሱ ይዞ በቅሎ ላይ ሲጓዝ የኖረ ዕቃ ነው። ቋንጣ ፍርፍሩን ከተትንበት። ጠላም በጀሪካን ያዝን።

አንድ ሾላ ሥር ሰፈርን። ጥላው ጥሩ፣ ውኃው ቅርብ፣ ዙሪያው የደረሰ ጤፍ። አገልግሉን ፈታን። አንድ ጉርሻ እንኳ ሳንጎርስ ማጭድ ትከሻቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሁለት ጎረምሶች ብቅ አሉ።

«ደቦው የማን ነው?»

እዚህ ላይ «የማንም አይደለም» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ምግብ ተከፍቶ፣ ሰው ቆሞ፣ «እንብላ» ሳይባል ሌላ ቃል ከአፍ አይወጣም። «እንብላ!» አልሁ። ተቀመጡ። ደቦ አለ የሚለው ወሬ ወንዙን ተሻግሮ ሄደና ሌሎች አራት ይዞ ተመለሰ፤ ሁሉም ማጭድ አላቸው። ሰው በኅዳር ወር፣ በአዘቦት ቀን፣ በጤፍ ማሳ አጠገብ፣ አገልግልና ጠላ ይዞ ሲቀመጥ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ልጆቼ አገልግሉ ሲራቆት ዝም ብለው ያያሉ። ባለቤቴ እኔን ታያለች።

በልተው፣ ጠጥተው፣ እጃቸውን ታጥበው ተነሡ። «በሉ፣ ማሳው የቱ ነው?»

ማሳ እንደሌለኝ ነገርኋቸው። ዝምታ ወረደ። ያላጨደ ሰው የደቦ እህል መብላቱ ነውር ነው፤ ሆዳቸው የገባውን ደግሞ መመለስ አይችሉም። በእኔ አፍረው፣ ለእኔም አፍረው ቆሙ። ከዚህ ጭንቀት ያወጡን እነዚያው የባሕር ዛፉ ሽማግሌ ናቸው። ከየት እንደመጡ አላየሁም። «ይኸው የእኔ ጤፍ ደርሷል» አሉ በእርጋታ፣ ከሾላው ባሻገር ያለውን እያመለከቱ።

ታጨደ። እኔም ያልበላ ሰው ብሆን እንኳ የጋበዝሁ ነኝና ማጭድ ተሰጠኝ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በሁለተኛው ትልም መዳፌ ውኃ ቋጠረ፤ በሦስተኛው ወገቤ የራሱን ሐሳብ ገለጸ። ልጆቼ ነዶ ሲያቀብሉ ዋሉ፣ ደስ ብሏቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሽማግሌው በሙሉ አፋቸው መረቁኝ፤ በዕድሜያቸው ብዙ ደቦ ማየታቸውን፣ ምግቡን ሌላ ሰው ያቀረበበት ግን ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ተናገሩ። መሬቱን ልለካ የመጣሁ መሆኔንም በዚያው ይቅር አሉኝ። እኅቴ ያን እሑድ ፎቶውን አይታ «እና ፓርኩ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ከነዶው ኋላ አልኋት።

መፍትሔውን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። አንድ ቅዳሜ፣ ስልኬን ይዤ በር ላይ ስንገዋለል፣ ቢጫውን ባለሃያ ሊትር ጀሪካን ከጓሮ አምጥታ እጄ ላይ አንጠለጠለችው።

«ይዘህ ሂድ» አለችኝ።

በመጀመሪያው ቀን ወንድ ልጅ ጀሪካን ይዞ በመታየቱ ሁለት ሰው «ባለቤትህ አመማት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አላለኝም። «ምን ልትሠራ ወረድህ?» ለሚለኝ ጀሪካኑን ከፍ አደርግለታለሁ፤ «እግዜር ያበርታህ» ብሎኝ ያልፋል። ሽማግሌዎቹም ደግመው አልመጡ፤ ጠበሉም ቀረ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ወንዝ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲጠፋ ጀሪካኑን አጋድሜ እቀመጥበታለሁ። መግቢያ ትኬትም፣ ወንበርም ነው። እረኞቹ ለምደውኛል። አንዳንዴ ከብቱን ትተው መጥተው ውኃውን አብረውኝ ያያሉ፤ ምን እንደምናይ መጠየቁን ትተውታል።

እንዲህ እያልሁ ከዚህ ሉማሜ ዙሪያ ስድስት «ፓርክ» አግኝቻለሁ። አንደኛው ዋርካ ያለበት ነው። ሁለተኛው ድንጋዩ ለእግር መንከሪያ የሚመች፣ ግን አልቅት ያለበት። አንዱ ጋ ከሰዓት በኋላ ጦጣ ይመጣል፤ ስንቅ አታሳዩት። የቀሩትን አልናገርም። በ2015 ዓ.ም. የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ እኔ የራሴን ስድስቱን ለማንም ለማስመዝገብ አላሰብሁም።

ባለፈው ሳምንት ቧንቧው አምስት ቀን ሳይመጣ ቀረ። ቅዳሜ ማታ ከወንዝ ስገባ ባለቤቴ ጀሪካኑን ከእጄ ተቀብላ ወዘወዘችው። ምንም ድምፅ የለውም። ስንት ጊዜ ወንዝ ወርዶ ስንት ጊዜ ባዶውን እንደተመለሰ በጣቷ ቆጠረችልኝ፤ ጣቷ አልበቃትም።

በማግሥቱ ሞልቼ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ አረፍሁ፤ ሁለት ጊዜ አስቀምጬው፣ አንድ ጊዜ ተቀምጬበት። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው።